መቶ አሥር በሰባ

ከሁለት ዓመት በፊት ከደባርቅ ወዲያ፣ ከተራራው ግርጌ ስላለ አንድ ጤና ጣቢያ ዘገባ ጽፌ ነበር። የጣቢያውን ስም እዚህ አላነሣም። ዘገባው የሚያሞግስ ነበር፤ የማሞገስ ልማድ ግን የለኝም። ያላየሁትን አልጽፍም፤ የነገሩኝንም ከሰነድ ጋር ሳላመሳክር አላወጣም። ያን ጊዜም የነፍሰ ጡሮችን የክትትል መዝገብ አስወጥቼ ገጽ በገጽ አገላብጫለሁ። አንድም ባዶ ሳጥን አልነበረበትም። “የደም ግፊት” በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች መቶ አሥር በሰባ፣ መቶ አሥር በሰባ ይላል፤ አልፎ አልፎ መቶ በስድሳ። የደጋ እናቶች ጤና እንዲህ ነው ለካ ብዬ ተደነቅሁ። ይህንኑም በዘገባው ውስጥ አስገባሁት።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ወደዚያው ጣቢያ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ የሄድኩት የጤና አገልግሎት ጥራት አመቻች ከሆኑ አንዲት ሴት ጋር ነበር፤ የሥራቸውን አንድ ቀን ልጽፍ። ሥራቸው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ ከባለሙያዎቹ ጋር መቀመጥ፣ የጎደለውን አብሮ ማየትና የሚስተካከልበትን መንገድ አብሮ መፈለግ ነው። ለረጅም ዘመን አዋላጅ ነበሩና አሁንም ሁሉም “ሲስተር” ይላቸዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ አሠራር እንደጀመሩ መንገድ ላይ ነግረውኝ ነበር፤ በደረሱበት ጣቢያ ወረቀት ከማየታቸው በፊት ራሳቸው ታካሚ ይሆናሉ።

እሳቸው ከጣቢያው ኃላፊ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ እኔ ወደ እናቶች ማቆያ አመራሁ። ማቆያው ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ መጥተው የሚሰነብቱበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ከአልጋዎቹ በአንዱ ላይ አንዲት ለጋ ሴት ተቀምጣለች፤ እናቷ ከጎኗ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ከመካነ ብርሃን በላይ ካለ ቀበሌ በበቅሎ ነው የመጡት። እርግዝናዋ የመጀመሪያ ነው።

“ማቆያው የተስማማት ይመስላል” አልኳቸው፤ ፊቷ ሞላ ብሎ ነበር።

“አንቱም አዩት አይደል! እዚህ መጥታ ወፈረችልኝ። ራሷን ነው እንጂ ትንሽ የሚያማት።”

“ምች ነው” አለች ልጅቱ። “ዓይኔም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።”

“ለባለሙያዎቹ ነገርሽ?”

“ግፊትሽ ደህና ነው አሉኝ።”

ካርዷን አሳየችኝ። መቶ አሥር በሰባ። ማስታወሻዬ ላይ “ምች፣ ዓይን ብልጭ ብልጭ” ብዬ ጻፍኩ። አነጋገሯን ወድጄው ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። መልካም ውልደት ተመኝቼላት ወጣሁ።

ምርመራ ክፍሉ ስደርስ ሲስተር በታካሚው ወንበር ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

“እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር ቁጠሩኝና ግፊቴን ለኩኝ” አሉ።

“በዚህ ዕድሜ ሲስተር?” አለ ኃላፊው።

“እግዜር ምን ይሳነዋል! ለኩኝ ብያለሁ።”

ሁሉም ሳቁ። ወጣቱ አዋላጅ ነርስ እየሳቀ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጠቀለለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ፣ የጎማውን ኳስ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ። ከቱቦው የአየር ድምፅ ይወጣል። እኔ ከቆምኩበት የመለኪያው መርፌ ይታየኝ ነበር፤ ትንሽ ንቅንቅ ብሎ ወደ ዜሮው ተመለሰ። ልጁ ጨርቁን ፈታ።

“መቶ አሥር በሰባ። የኮረዳ ነው ሲስተር!”

“ጻፈው።”

ጻፈው።

ሲስተር እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ። “የኔ ልጅ፣ የግፊት መድኃኒት መዋጥ ከጀመርኩ አሥር ዓመቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ዳባት ላይ ስለካ መቶ ስድሳ በመቶ ነበር።”

አየር የሚያፈሰውን ቱቦ አንሥተው አሳዩት።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሠራው?”

“እኔ ስመጣም እንዲህ ነበር።”

“መቼ መጣህ?”

“ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጠይቀናል ሲስተር፣ በደብዳቤ ጠይቀናል። ባዶ ስንተወው ደግሞ…” ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው መሬት መሬት ያያል።

“ባዶ ስትተዉትስ?”

“ለቁጥጥር ሲመጡ በቀይ ይከበብብናል። እርስዎ ነዎት የከበቡብን።”

ሲስተር የሚያስተባብሉ መስሎኝ ነበር።

“እውነትህን ነው” አሉ። “በሰው ፊት አሳፍሬሃለሁ። ሳጥን እንድትሞላ ነው ያስተማርኩህ። እንድትለካ አይደለም።” “ከዛሬ ጀምሮ ያልለካኸውን ባዶ ተወው። ባዶውን ሳይ መለኪያ እንደሌለህ አውቃለሁ።”

ልጁ “ሦስት ዓመት” ሲል የኔ ዘገባ በዚያ መሐል እንደወጣ ገባኝ። ያገላበጥኳቸው ገጾች ማንም ያልለካቸው ሴቶች ነበሩ። ማረሚያውን በዚያው ሳምንት አወጣሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን የታየኝ አንድ ካርድ ብቻ ነው።

“ማቆያው ውስጥ አንዲት ልጅ አለች” አልኩ። “ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል ብላኛለች።”

ሲስተር ሌላ እስክጨምር አልጠበቁም። ለራሳቸው የሚይዙትን መለኪያ ከቦርሳቸው አውጥተው በሩጫ ወጡ፤ አዋላጁ ተከተላቸው።

አንዱን ክንዷን ለኩ። ሌላውንም ለኩ። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ። አዋላጁ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጣቱን ጫን አድርጎ ሲያነሣው ቦታው ጎድጉዶ ቀረ። ውፍረት አልነበረም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ዓይንሽ?”

“ከትናንት በስቲያ” አሉ እናቷ። “ለዚህ ሰውዬም ነግራዋለች።” ወደ እኔ ዞሩ። አንቱ ሲሉኝ የነበሩት ሴት “ስትጽፍ አይቼሃለሁ” አሉኝ። “ጽፈህ ሄድክ?”



የእርግዝና ግፊት ሲጠና የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከለው መርፌ በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ በሽ ነበር። አዋላጁ መጠኑን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ቆጥሮ ወጋት። ለማን እንደሚሰጥ የሚነግራቸው ነገር ነው ያጡት። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ መሆኑን ሳይ ድንጋጤዬ ባሰ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዶ ስለነበር በመጣንበት መኪና ወደ ሆስፒታል ጫንናት። ሲስተር፣ አዋላጁና እናቷ አብረው ገቡ፤ ለኔ ቦታ አልነበረም፤ ቢኖርም የምገባበት ፊት አልነበረኝም። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንደተንቀጠቀጠች አዋላጁ ደውሎ ነገረን። ቀጥሎ ሲደውል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ ትራስ ተደግፋ ነበር፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ ትንሽ ናት፤ ግን ትጠባለች። ወላዷ ፊቷን ወደ በሩ ስታዞር ዓይኗ እኔ ላይ አላረፈም። አላየችኝም። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠየቅሁት። ግፊቱ የጋረደው ዓይን ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል፣ ነገር ግን ቃል አልገባም አለኝ። ይህን እንዳለ ጻፍኩት። ተመልሼ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

“እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ትመስላለች?” ትላለች ልጅቱ።

እናቷ አጎንብሰው ሕፃኗን አዩ። “ጠይም ናት። ጸጉሯ ብዙ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው።” ሕፃኗን ወደ ልጃቸው አስጠግተው “አፍንጫዋ ግን የአባቷ ነው፤ ምን ይደረግ” አሉ።

ልጅቱ ጣቷን በዳበሳ ወደ ሕፃኗ ፊት ወስዳ አፍንጫዋ ላይ አሳረፈች። ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

“እውነትሽን ነው” አለች።