የማይዋኝ እጁን ያውጣ

ልጆቼ በጣም ይወዱኛል። በተለይ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ቅዳሜና እሑድ እነሱም ቤት ስለሚውሉ ፍቅሩ ትንሽ ረገብ ይላል።

ይህ የማወራላችሁ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ የሆነ ነው። ሴቷ ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንዱ አሌክሳንድሪያ ይኖሩ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል እኖር ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው እንግዲህ አውራ ጎዳና ነው። ሰኞና ማክሰኞ እዚህ፣ ረቡዕ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ እዚያ፤ አንዱ ሲያመው ወዲህ፣ አንዷ ኦቨርታይም ሲደርሳት ወዲያ። ሻንጣዬን ፈትቼ ልብሴን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬ አላውቅም። ምን ያደርግልኛል? ልብሱም መኪና መሳፈር ለምዶ ነበር።

በዚያ ሰመር ነገሩ ባሰ። ምራቴ ወልዳ ከርማ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው፤ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። የሴቷ ልጄ ልጅ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ሲከፈት ከትምህርት ቤት ባስ ስትወርድ ደጅ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው ይፈለጋል። ሰው የሚባለው በሁለቱም በኩል እኔው ነኝ። ወንዱ ልጄ "እማዬ ጠቅልላ እኛ ጋ ትምጣ" አለ። አማቼ፣ የሴቷ ልጄ ባል፣ "እማማ ከዚህ ቤት የትም አይሄዱም" አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም መልሴ ያው "እናንተ እንዳላችሁ" ነበር። እናት ሌላ ምን ትላለች?

የሆዴ ነገር ግን ሌላ ነው። ዊተን፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ለእኔ ቢጤ አሮጊትና ሽማግሌ የተሠራ ሕንጻ አለ። የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ እዚያ ትኖራለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ቁልፏን ከመቀነቷ ፈትታ የራሷን በር ስትከፍት አየሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ለማንም ሳልተነፍስ በእሷ ረዳትነት ተራ ያዝኩ፤ ከርሞ ከርሞ ደረሰኝ። የሕንጻው ኃላፊ ሴትዮ እስከ ሰኞ እሺ ካላልሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብላለች። እሺ ማለቱስ ቀላል ነው። ለልጆቼ የምነግርበት አፍ ነው የጠፋኝ።

የጀልባውን ነገር ያመጣው አማቼ ነው። አማቼ የተማረ ሰው ነው፤ ኢንጂነር ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ኤርፖርት ተሰልፎ ሰው ሲጠብቅ የማያነበው ነገር የለም። አንድ ማታ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዞ መጣና ከአጠገቤ ተቀምጦ አነበበልኝ። ሕፃንና አዛውንት ሳይለይ ቤተሰብ በሙሉ የሚዝናናበት የባሕር ላይ ሽርሽር ነው። ጀልባ አለ፣ በጀልባ የሚጎተት የተነፋ ጎማ አለ፣ ስኖርክል የሚባልም አለ። ስኖርክል ማለት መነጽር አጥልቆ፣ ቱቦ ጎርሶ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ዓሣ ማየት ነው።

"እማማ፣ የባሕሩ ሆድ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል" አለኝ።

ዓሣ እኮ ገበያ በረዶ ላይ ተጋድሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቱቦም አያስጎርስም። ግን ዝም አልኩ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ።

ወንዱ ልጄ ይህን ሲሰማ ለሚስቱ "እናቴን በጀልባ ሊወስዳት ነው" ሲል ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። በማግስቱ እነሱም አብረውን እንደሚሄዱ ተነገረኝ። እኔ ያልኩት ፍልሰታ ሳይገባ ይሁን ብቻ ነው። የማን መኪና ውስጥ እንደምገባ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙግት ነበር። ስንሄድ ከሴቷ ጋር፣ ስንመለስ ከወንዱ ጋር ተብሎ ታረቁ። ሁለት መንግሥታት እንዲህ ድንበር ቢካለሉ ጦርነት አይኖርም።

ቼሳፒክ ከሚባለው ባሕር ደረስን። ልጄ ለሠርግ የሚበቃ ምግብ ሠርታ ስለነበር የጀልባው ካፒቴን ዕቃችንን አይቶ ለስንት ቀን እንደምንቆይ ጠየቀ። ሽርሽሩ እስከ ምሳ ሰዓት ነው። ምራቴ ሕፃኑን አቅፋ ጥላ ያለበት ጥግ ያዘች። ልጄ ፀጉሯን ትናንት ተሠርታ ስለነበር ገና ከመሳፈሯ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ውሃውን እንደ ጠላት ነበር የምታየው። ባሕር ለማየት የመጣችው እንግዲህ ይቺ ናት።

ሁለቱ ወንዶች ግን ተነቃቅተዋል። ጀልባዋ ከመንቀሳቀሷ ጀመሩ።

"እኔ ላንጋኖን ከዳር እዳር ነበር የምዋኘው" አለ አማቼ።

"ላንጋኖማ ማን ይሰምጣል? ውኃ ዋና ከተባለ ሶደሬ ነው። እኔ ሶደሬ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል" አለ ልጄ።

ያደገውስ እኔ ጓዳ ውስጥ ነው። ሶደሬ የሄደው አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጋር ነው፤ የዚያን ቀንም ቁምጣው ሳይረጥብ ነው የተመለሰው፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግን ልጅ በአማቹ ፊት አይዋረድም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

ካፒቴኑ ዳር ዳሩን ሄዶ ሣር የበቀለበት ገባ ያለ ቦታ ላይ ጀልባዋን አቆመ። አስጎብኚያችን አፍንጫዋ ፀሐይ ያቃጠላት ወጣት ፈረንጅ ናት። መነጽሩንና ቱቦውን አደለችና የሆነ ነገር ተናገረች። የልጅ ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ተረጎመችልኝ።

"እማማ፣ ዋና የማይችል እጁን ያውጣ ነው የምትለው። ላይፍ ጃኬት ልትሰጠው ነው። የሚችሉት ካልፈለጉ አያደርጉም።"

ልጄ አማቼን አየው። አማቼ ልጄን አየው። የሁለቱም እጅ ጭናቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ። እነሱን ካላወቃችሁ አይገባችሁም፤ በዚያች ሰዓት እጅ ማውጣት ማለት እናትን አሳልፎ መስጠት ማለት ነው። ሚስቶቻቸው ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፣ እግዜር ያውቃል። ሁላችንም ዝም። ባል በሰው ፊት ይዋረድ እንዴ? ከሚዋረድስ ይስመጥ።

እኔ እጄን አወጣሁ። የምፈራው ማንን ነው? አስጎብኚዋ እጄ በመውጣቱ ደስ ብሏት ብርቱካንማውን ጃኬት አመጣችና እየሳቀች አለበሰችኝ፤ ማሰሪያውን እንደ ሕፃን ልጅ ከደረቴ ላይ ቆለፈችልኝ።

ልጄ ደነገጠች። "እማዬ፣ አንቺ ልትገቢ ነው እንዴ?"

"ቤተሰብ በሙሉ ነው የሚለው ወረቀቱ" አልኳት።

ጸበል እንደምገባው በቀሚሴ ገባሁ። በመሰላሉ ስወርድ አስጎብኚዋ ከታች፣ የልጅ ልጄ ከጎን ነበሩ። የልጅ ልጄ በየሳምንቱ ዋና ስለምትማር ውሃ ውስጥ እንደ ዳክዬ ናት። ጄሊፊሽ የሚባል እንደ አብሽ የሚዝለገለግ ፍጥረት እንዳለ፣ ትንሽ እንደሚያቃጥል ግን እንደማይገድል ተነገረኝ። ይህን የነገሩኝ አንገቴ ድረስ ከገባሁ በኋላ ነው፤ አሜሪካኖች ሰው ማስጨነቅ አይወዱም።

ፊቴን ደፋሁ። ቁልጭ ብሎ የሚታየው የባሕር ሆድ የቀይ ወጥ ድስት የተለቀለቀበት ውሃ ይመስላል። ላንጋኖን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይኸው ራሱ ነው። ይህን ለማየት ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም ነበር። አስጎብኚዋ በጣቷ ወደ ድፍርሱ እያመለከተች አንድ ነገር አሳየችኝ።

"እማማ፣ ፊሹን አየሽው?" አለችኝ የልጅ ልጄ።

"አየሁት፤ ቆንጆ ነው" አልኩ። ምንም አላየሁም፤ ግን አስጎብኚዋ ለፍታለች።

ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ከዓሣው ይልቅ ሌላ ነገር አገኘሁ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሰው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። የምሰማው የገዛ ትንፋሼን ነው፤ በቱቦው ይወጣል፣ ይገባል። እማዬ ጡጦው የታለ የሚለኝ የለም። እማማ ቁልፉን አይተዋል የሚለኝ የለም። ጃኬቱ ተሸክሞኛል፤ እኔ የተሸከምኩት ነገር የለም። እዚያው ውሃው ላይ እንደተንሳፈፍኩ የዊተኗን ክፍል አሰብኳት። መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው፤ እይታዋ አያስጎመጅም። ዛሬ ካልነገርኳቸው ግን ሰኞ የሌላ ሰው ናት።

ቀና ስል ጩኸት ሰማሁ።

ወንዶቹ ገብተዋል ለካ። መጀመሪያ ሁለቱም መሰላሉን ይዘው ቆዩ አሉ፤ ያየችው ምራቴ ናት። ልጄ አንድ እጁን ለቀቀ። አማቼ ይህን ሲያይ ሁለቱንም ለቀቀ። ልጄም ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አይቻለሁ። ኢንጂነሩና የሶደሬው ዋናተኛ አንገት ለአንገት ተናንቀው ይንቦጫረቃሉ፤ አንዱ ብቅ ሲል ሌላው ይጠልቃል። እንዲህ ተቃቅፈው አይቻቸው አላውቅም፤ በሴቷ ልጄ ሠርግ ቀን እንኳ በእጅ ነው የተጨባበጡት።

ልጄ ከጀልባው ላይ "ወንድሜን! ባሌን!" ትላለች። ሻሿ ወልቋል።

አስጎብኚዋ ሳትቸኩል ወደ እነሱ ሄደች። በእግሯ ነው የሄደችው። ደረሰችና አንዲት ቃል ደጋግማ ተናገረች። እነሱ የሚሰሙ አልነበሩም። በኋላ የልጅ ልጄ ጮክ ብላ ተረጎመችላቸው።

"ዳዲ! ቁሙ ነው የምትላችሁ!"

ቆሙ። ውሃው ደረታቸው ድረስ ነበር።

ከዚያ አማቼ ጉሮሮውን ጠርጎ "እኔ እኮ እሱን ላወጣው ነው የያዝኩት" አለ። ልጄም "ማን ማንን ነው የሚያወጣው? አንገቴን ልትቆርጠው ነበር" አለ። ደህና መሆናቸውን በዚህ አወቅን።

ጀልባው ላይ ወጥተን ፎጣ ተከናንበን ተቀመጥን። የጎማው ጉተታ ይቅርብን አልን፤ የልጅ ልጄ ብቻ ከአስጎብኚዋ ጋር እየጮኸች ተጎተተች። ልጄ ምግቡን ዘረጋች፤ ካፒቴኑንም "ብላ በሞቴ" እያለች አጎረሰችው። ሰውየው ሊነክሳት ምንም አልቀረውም።

ሆድ ሲሞላ ወደ እኔ ተመለሱ። ውሃ ያሳነሰው ክብር በአንድ ነገር መመለስ አለበት እንግዲህ።

"እማማ ዛሬ ደክሟቸዋል" አለ አማቼ፤ "ከእንግዲህ በዚያ ድልድይ መመላለሱ ይቅር። እኛው ጋ ይረፉ።"

"እናትነቷ ለእኔ ነው" አለ ልጄ። "ሕፃኑን እንዴት እንደምትወደው ታያለህ።"

"እኔስ ምኗ ነኝ?" አለች ሴቷ።

"አንቺማ ስንት ዓመት ያዝሻት።"

"ያዝኳት? ዕቃ ናት?"

እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ቀሚሴን እጨምቃለሁ። ልጄ ድንገት ዞር አለችና "እስቲ አንቺው ተናገሪ እማዬ፤ የት ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ። ጠየቀችኝ ማለት አይደለም፤ እሷን እንድመርጥ ነው። ያው የለመድኳት ቃል ምላሴ ላይ መጣች፤ እናንተ እንዳላችሁ። ሰኞን አሰብኩና ዋጥኳት።

"ዊተን" አልኩ።

"ዊተን ማን አለ?" አለ አማቼ።

"እኔ አለሁ። ቤት አግኝቻለሁ። ሰኞ ቁልፉን እቀበላለሁ።"

መጀመሪያ የተናገረው ወንዱ ልጄ ነው። "እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል? እናታቸውን አሮጊት ቤት ጣሏት ነው የሚሉን።"

"እናንተ አልጣላችሁኝም። ሊፍቱን ራሴ ተጭኜ ነው የምወጣው።"

"ምን አጎደልንብሽ?" ሴቷ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ይቺን ፈርቼ ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት። እጇን ያዝኩት። "ምንም አላጎደላችሁብኝም። ልብሴን መስቀያ ነው የፈለግሁት" አልኳት። ሌላ የማስረዳበት ቃል አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አለቀሰች፤ እኔም ትንሽ አለቀስኩ። የባሕሩ ውሃ ፊታችን ላይ ስለነበር ማንም አልቆጠረብንም።

ወንዶቹ በዚህ መካከል እያሰቡ ነበር። ልጄ ቀስ ብሎ "ማለት... ሲልቨር ስፕሪንግም አይደለም?" አለ።

"አይደለም።"

"አሌክሳንድሪያም?" አለ አማቼ።

"አይደለም አልኩ እኮ።"

ተያዩ። የሁለቱም ትከሻ ሲወርድ አየሁ። አንዱም አላሸነፈም፤ ስለዚህ አንዱም አልተሸነፈም። ያን ያህል ወር የፈራሁትን ነገር በዚህ ተቀበሉት። አማቼ እንዲያውም አልጋውን በታክሲው ጣራ ላይ እንደሚያመጣው ተናገረ፤ ልጄም ታክሲ አልጋ አይችልም፣ ትራክ እከራያለሁ አለ። ስለ አልጋው እስኪጣሉ ድረስ ቤቱ ተረሳ።

የልጅ ልጄ ከጉተታው ውሃዋን እያንጠባጠበች መጥታ ወሬውን ሰማች። ወደ እኔ ተጠጋች።

"ስኩል ስጨርስ ማነው የሚጠብቀኝ?"

ይህ ነው የወጋኝ። "እናትሽና አባትሽ ይነጋገራሉ። አንዳንድ ቀን እኔም በባቡር እመጣለሁ፤ ያን የዊተን ጣቢያውን ማለቂያ የሌለውን ኤስካሌተር ከደፈርኩት" አልኳት።

አሰበች። "አንቺ ቤት ማደር እችላለሁ?"

አንቺ ቤት። አሜሪካ ከገባሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ትችያለሽ" አልኳት። "ግን ኮል አድርገሽ ነይ።"

ልጄ እንባዋን እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ። ከእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብላ አልጠበቀችም። የልጅ ልጄን ግን ምንም አልደነቃትም፤ እዚህ ነው የተወለደችው።

"ኦኬ። ቁጥርሽ ስንት ነው?"

"ስልኩን ገና አላስገባሁም" አልኳት።