ሐኪሙ ሹሩባን አላሰበም

ዛሬ ጅማ ላይ አንዲት ሹሩባ ሠሪ የቤታችንን ምስጢር በማበጠሪያ አወጣችው።

አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ሰሞኑን ፊቷ ጥርት ብሏል። ስንጠይቃት «እንቅልፍ ነው» ትለናለች።

አጋሮ ላለብን ሰርግ ሹሩባ ልትሠራ ሻሿን አውልቃ ተቀመጠች። ሹሩባ ሠሪዋ ፀጉሯን ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ከጆሮዋ ጀርባ የስፌት መስመር ቁልጭ አለ። ለካ ፊቷን በቀዶ ጥገና አስወጥራለች! ሐኪሙም ጠባሳውን ፀጉሯ ውስጥ ደብቆላት ነበር። ምን ያድርግ፣ ሹሩባን አላሰበም።

አጠገቧ የነበረችው እናቴ «ያ አላህ! እኔ እንኳን ፊቴን ቢላ አላስነካም» ብላ ሳቀች።

ሹሩባ ሠሪዋ አክስቴን ልታጽናና «አብሽሩ፣ በቀጭኑ ጎንጉኜ እሸፍነዋለሁ። የእህትዎንም የምሸፍነው እኔው ነኝ» አለቻት።

እናቴ አምና «ለጥርሴ» ብላ አዲስ አበባ አንድ ወር የቆየችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

የእናንተን ቤት ጉድ ያወጣው ማነው? ጻፉልኝ፣ ለእናቴ አነብላታለሁ። ከሰርጉ በፊት ማኩረፏን ብትተው ደስ ይለኛል።