ይድገሙኝ ያልኩት ጠላ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶስና እኔንና እናቷን ቡራዩ ይዛን ሄደች። ቡራዩን ከወጣትነቴ ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የማያት፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። የወሰደችን ቢራውን እዚያው ጓሮው ውስጥ ወደሚጠምቅ አዲስ ቤት ነው። ጠማቂው ናቲ የሚባል ፀጉሩን ያንጨባረረ ወጣት ነው። ሶስና “ጓደኛዬ ነው” ብላ አስተዋወቀችን። “ጓደኛዬ” ስትል ግን የምታየው እኛን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር። እኔም አባት ነኝና እንዳላየ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ልጁ በአንድ ሳንቃ ላይ አምስት ትንንሽ ብርጭቆ ደርድሮ መጣ።

“አባባ፣ ሁሉንም ይቅመሱና የቱ እንደሚሻል፣ የቱ እንደሚብስ ይንገሩኝ” አለኝ። ድምፁ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሁለተኛው እንደ ኑግ የጠቆረ፣ ያረረ ገብስ ቆሎ የሚሸት ነገር ነው፤ ለመድኩት። ሦስተኛው የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ብርቱካን ቢራ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ልጠይቅ ስል የሶስና ጫማ በጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቴን አገኘው። አራተኛውን ጨረስኩት። አምስተኛው ድፍርስ ያለ ነው።

“ይኼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዬን ነው የጠመቅሁት” አለ ናቲ። “ለእናንተ ብዬ ነው።”

ተጎነጨሁ። ግራ ዓይኔ ያለ ፈቃዴ ተጨፈነ። ባለቤቴ ለሊሴም ቀመሰችና በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። ይህን ጣዕም ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሱሉልታ ላይ ጠጥቼዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ።

ያደግሁት ሰበታ ነው። ነፋሱ ከቢራ ፋብሪካው በኩል ሲመጣ ከተማው በሙሉ የተቀቀለ ብቅል ይሸት ነበር፤ እኛ ጎረምሶቹም በዚያ ሽታ ብቻ የቢራ ሊቅ የሆንን ይመስለን ነበር። ደረጃም አውጥቼ ነበር። አንደኛ፣ አሁን ከተከፈተ በርሜል የተቀዳ ድራፍት፣ በጃምቦ፣ አረፋው ጢም የሚያበቅል። ሁለተኛ፣ በረዶ ውስጥ የዋለ ጠርሙስ፣ ቆርኪው ዓይኔ እያየ የተከፈተ። ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው የጋበዘኝ ማንኛውም ቢራ። መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ተጂ ከተማ በገበያ ቀን የሚሸጠውን፣ ከአይሱዙ ላይ ወርዶ ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለውን ነው፤ እሱን አንዴ ጠጥቼ ሾርባ ያቀረቡልኝ መስሎኝ ዳቦ አምጡልኝ ብያለሁ።

ጠላን ግን ደረጃ ውስጥም አላስገባሁት። ለሊሴ ሰበታ አስተማሪ ሆና በመጣች ጊዜ፣ ገና በተዋወቅን ሰሞን፣ “ጠላ የቢራ አያት ነው፤ አያት ይከበራል እንጂ አይጠጣም” አልኳት። በጣም የተራቀቅሁ መስሎኝ ነበር። እሷም ፈገግ ብላ አለፈችኝ። ሰው የሚናገረውን ነገር ማን እየሰማ እንደሚያስቀምጥለት አያውቅም።

ተዋደድን። ልጅቷ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ኦቦ ቶላ በአካባቢው የተከበሩ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ሁለት በሬ ጠምደው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ሽማግሌ ልላክ ስል ለሊሴ አንድ መጥፎ ዜና ነገረችኝ። ቡራዩ የድንጋይ ካባ ያለው አንድ ሰውም ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ እያስጠየቀ ነው። ገልባጭ መኪና አለው። እኔ ያለኝ ስለ ድራፍት የዳበረ አስተያየት ነው። እንግዲህ ቡራዩን በጥርጣሬ የማያት ለዚህ ነው።

ጾሙ ሳይገባ፣ በጥር፣ አጎቴ ጋሽ ደምሴና ሁለት የሰፈራችን አዛውንት ለመሄድ ተዘጋጁ። ጠዋት ግን የተነጋገርነው ሹፌር ቀረ። ከመሥሪያ ቤቴ የተዋስኳት ፒካፕ አለች፤ መንዳት የሚችል ግን ከእኔ በቀር አልተገኘም።

“በራሱ ሽምግልና ላይ የተገኘ ሰው ሰምቼም አላውቅ” አለ አጎቴ፣ ጋቢውን እያጣፋ። “እንግዲህ ዛሬ ሹፌር ነህ። ከመኪናዋ ብትወርድ ውርድ ከራሴ!”

እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሯጮች በአስፋልቱ ዳር ተከታትለው ያልፋሉ፣ ሜዳው ላይ የታጨደ ድርቆሽ ተቆልሏል። አዛውንቶቹ ከኋላ ስለ እኔ ጥሩ ጥሩ ነገር ይለማመዳሉ። “ጨዋ ነው፣ መጠጥ አያበዛም” ሲሉ አጎቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ እኔ መንገዱን አየሁ።

ኦቦ ቶላ ግቢ ስንደርስ ሽማግሎቹ ገቡ፤ እኔ ባሕር ዛፍ ሥር መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ። የሽምግልና ወግ ታውቃላችሁ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፣ መልስ ሳያገኙ የባለቤቱን እህል ውሃ አይቀምሱም። በእነ ለሊሴ ቤት ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ለሴት ልጅ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ከእሺታው በኋላ የሚጠጣውን ጠላ ልጅቷ ራሷ ናት የምትጠምቀው። ለሊሴ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት ነው የኖረችው፤ ጌሾና ብቅል ሲዋሃድ ከሩቅ ነው የምታውቀው።

ትንሽ ቆይቶ ኦቦ ቶላ በጓሮ በኩል ዞረው ወደ መኪናዋ መጡ። ከኋላቸው ለሊሴ ጆግና ጣሳ ይዛ ትከተላለች። መሪው ላይ እኔን ስታይ ጆጉ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር።

“አካም ጅርታ፣ ሹፌር?” አሉኝ ኦቦ ቶላ።

“ፈያ፣ ኦቦ። እግዚአብሔር ይመስገን።” ከመኪናዋ ወርጄ እጅ ነሣሁ። ሽማግሌ ቆሞ እያናገረህ መቀመጥ አይቻልም፤ አጎቴ የፈለገውን ይበል።

“ስማኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ሽማግሎችህ ቆመዋል፣ አይቀምሱም። እኛም የቤታችንን ነገር እኛው ብንፈርድ እናዳላለን። ከመጡት ሰዎች አፉ ነጻ የሆነ አንተ ብቻ ነህ። ይህን ፋርሶ፣ ጠላውን፣ ቅመስና እውነቱን ንገረኝ። ልጄ የጠመቀችው ነው።”

“እኔ?”

“እሺ ብዬ በደረቁ አልሸኝም። ጠላው ለሰው የሚቀርብ ካልሆነ ነገሩን ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን ብዬ እቀጥራቸዋለሁ። እስከዚያ የቡራዩዎቹንም እሰማለሁ፤ እነሱም ሰው ናቸው።”

ገልባጩ መኪና ዓይኔ ላይ ድንጋዩን አራገፈ። ለሊሴ እንደ ወጉ መጀመሪያ ከጆጉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ቀና ስትል ግራ ዓይኗ ተጨፍኖ ነበር። ቶሎ ገለጠችው፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ጣሳውን ሞልታ ሰጠችኝ። መጥፎ ነው ብል በአባቷ ፊት አዋርዳታለሁ፤ ቀጠሮውም ለፋሲካ ማግስት ነው። ጥሩ ነው ብል ደግሞ ፊቴ ይመሰክርብኛል።

“ዹጊ” አሉ ኦቦ ቶላ፤ ጠጣ ማለታቸው ነው።

ጠጣሁ። በመጀመሪያ ጌሾው መጣ፣ ምላሴን ጠቀለለው። ቀጥሎ ኮምጣጤው መጣ። እሱን አለፍኩ ስል ጋኑ የታጠነበት ጭስ በአፍንጫዬ ወጣ፤ አተላውም ጥርሴ መሃል ገብቶ ቤቱን ሠራ። የተጂ ቢራ፣ ያ በፀሐይ የሞቀው፣ ትዝ አለኝና ናፈቀኝ። ቢሆንም ጣሳውን ከአፌ አላነሣሁም፤ ካነሣሁት ሁለተኛ እንደማልመልሰው አውቀዋለሁ። ጨረስኩት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

“ምነው?” አሉኝ።

“ብርዱ ነው፣ ኦቦ።”

“እሺ፣ እንዴት ነው?”

ለሊሴን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ደህና ነውም፣ ጥሩ ነውም ማለት አቃተኝ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

“ይድገሙኝ።”

ኦቦ ቶላ አገጫቸውን አሹ። ለሊሴ ደገመችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም፤ ምናልባት የተሻለው የእኔ ምላስ ነው፣ ሞቶ ነበርና።

“ልጁን፣ የምትሠራለትን፣ ታውቀዋለህ?” አሉኝ በመካከል።

“በመጠኑ።”

“ምን ዓይነት ሰው ነው?”

ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው ማለት ነበረብኝ። አዛውንቶቹ መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ጣሳውን እያየሁ፣ “ጠላ በጣም ይወዳል” አልኩ።

ለሊሴ ሳቋ አመለጣት። በነጠላዋ አፏን ልትይዝ ስትል ከጆጉ ግማሹ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ እግዜር ይስጣት፣ ያን ያህል ቀነሰልኝ። አባቷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። “የቀረውን ስጪው” አሏትና ወደ ቤት ገቡ። እሷም ሰጠችኝ። እየጠጣሁ ሳለ ቀስ ብላ፣ “አያት ይከበራል እንጂ አይጠጣም ያልከው የት ሄደ?” አለችኝ። እኔም ጣሳውን ይበልጥ ቀና አደረግሁት።

ብዙም ሳይቆይ ከቤት ውስጥ የእናቷ እልልታ ተሰማ። መሪውን አቅፌ ግንባሬን ደገፍኩበት። ደስታ ነው ብዬ ብናገር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ሆዴ ነው። እሺ ከተባለ በኋላ ሽማግሎቹ ተቀምጠው ጠላው ቀረበላቸው። አጎቴ ኋላ እንደነገረኝ፣ አንዴ ተጎንጭቶ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ “ይህን የቀመሰ ሰው ቃሉን አያጥፍም” ብሎ መረቀ። ኦቦ ቶላም “አሜን” አሉ።

ለመሄድ ሲወጡ ኦቦ ቶላ ከፊት ቀድመው በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈቱ።

“ውረድ። ዛሬ የወንድሜ ልጅ ነው የሚነዳችሁ።”

“ጠጥቷል ብለው ነው፣ ኦቦ?” አልኳቸው።

“እሱም አለ” አሉ። “ደግሞ አማቼ ሹፌር ሆኖ ከቤቴ አይወጣም።”

አጎቴ ሰማዩን ማየት ጀመረ። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር።

“ማን ነገረዎት?” አልኩ።

“ጠዋት እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ” አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉት። “ለአሠሪው ብሎ ያን ጠላ የሚያስደግም ሹፌር ገና አልተወለደም።”

ለሊሴ ጠላው ለምን እንደከፋ የነገረችኝ ከሠርጋችን በኋላ ነው። ይበላሽ ይሆን ብላ ፈርታ በየቀኑ ጋኑን እየከፈተች ታይ ነበር። ጠላ አየር ሲገባበት ይኮመጥጣል፤ ያበላሸው ጭንቀቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠምቃለች፤ ዛሬ የእሷን ጠላ ትቼ ድራፍት የምፈልግ ሰው አይደለሁም። አባቷም እስኪያርፉ ድረስ በየበዓሉ ጣሳዬ ጎደል ባለ ቁጥር፣ “ሹፌሩ ይድገም!” ይሉ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ያ ድፍርስ ብርጭቆ እጄ ላይ ነው፤ ናቲም ፎጣውን ጨብጦ መልሴን ይጠብቃል። ስዋሽ ፊቴ እንደማይተባበረኝ ከሱሉልታ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚህ መካከል ሶስና የራሷን ብርጭቆ አንሥታ እስከ ታች ጨለጠችው። ግራ ዓይኗ ተጨፈነ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ልጁ ገፋ አድርጋ፣ “ናቲ፣ ድገመኝ” አለችው።

እኔና ለሊሴ ተያየን። ኦቦ ቶላ ያን ቀን ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ያዩት ነገር ምን እንደነበር አሁን እኔም አየሁት። ልጄን እንዲህ ስትጠጣ ሳይ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ሆድ ባሰኝ። እኚያ ሽማግሌ ያን ዕለት ሆድ ብሷቸው እንደነበር ያኔ አልገባኝም ነበር።

“አባባ፣ የቱ ይብሳል?” አለ ልጁ።

“ይኼ” አልኩት አምስተኛውን እያሳየሁ። ፊቱ ጠቆረ። “የቱ ይሻላል ብለህም ጠይቀኸኝ ነበር። እሱም ይኼ ነው።”

ምንም አልገባውም። ለሊሴ ግን ወደ እሱ ጠጋ ብላ ልጇን እንደምታናግር በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችው።

“እውነቱን ንገረኝ፤ እየከፈትክ ታየው ነበር አይደል?”

“በየቀኑ፣ እማማ” አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። “እንዳይበላሽ ፈርቼ።”

“አውቄዋለሁ” አለችው። “ሽማግሎችህን በጥር ላካቸው። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ልጄ፣ በርሜሉን አትክፈተው።”