አባቴ እህቴ ቤት የበሉ ዕለት

እህቴ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ አባቴ ዳንግላ ያለው ቤቷ እህል ቀምሰው አያውቁም። ሊጠይቋት ሲመጡ ከጋሪ የሚወርዱት የራሳቸውን ዳቦ ቋጥረው ነው።

ባለፈው እዚያው ቁጭ ብለን ከስልኬ ዜና አነበብኩላቸው፤ ውጭ አገር አንዲት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶችን እርስ በርስ አጋብታለች።

«ያንቺዎቹ ናቸው?» አሏት።

«ኧረ አባዬ! ስማችን ነው እንጂ አንድ፣ የእኛዎቹ ኃጢአት ነው ነው የሚሉት» አለች ደንግጣ።

«እንዲህማ ከሆነ ከእኛ በምን ተለያችሁ!» ብለው እጃቸውን ታጠቡና ከማዕዷ ቆረሱ። እህቴ በደስታ አለቀሰች።

እኔ ግን ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ግራ ገባኝ። ወይ ጉድ! የማናውቃቸው ሴቶች ተጋብተው እኛን አስታረቁን። ነገ ከልጆቻችን አንዷ እንደነሱ ብትሆንስ? ከአባቴና ከእህቴ የትኛቸው ከማዕዷ ይቆርሳሉ?