ሁለት ኦክስጅን የጎተቱት ኃላፊ

ተማሪዎቹ እትዬ ቢከር ይሏታል። በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ለሃያ ሁለት ዓመት ቢከርና ብልቃጥ አጥባለች፣ አሲድ አቅጥናለች፤ ዕቃ እያቀረበች ያንኑ ትምህርት ሃያ ሁለት ጊዜ ሰምታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን እንደ አዲሱ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የናቀችው ሰው የለም። ከረባቱን ሲያስተካክል እንጂ መጽሐፍ ሲገልጥ አይታው አታውቅም።

አንድ ጠዋት ኃላፊው ያወጣው የፈተና መልስ ተለጠፈ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ «ፖላር ነው» ይላል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ አንድ ወገን ያደላ ነው ማለት ነው። አይደለም ያሉት ተማሪዎች በሙሉ ኤክስ ተደርጎባቸው ኖሮ እየተንጫጩ ወደ እሷ መጡ። ወረቀቱን ገንጥላ በቀጥታ መምህራን ክፍል ገባች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ተሳስቷል።»

ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ኦክስጅን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል። አለቀ። አንቺ ብልቃጥሽን እጠቢ።»

በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሴት አንቺ ሲላት መምህራኑ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን በአንድ ወገን ከንፈሯ ሳቅ አለች።

«መሳቡንስ ይስባል። ወዴት እንደሚስብ ነው ያልጠየቁት። እስቲ ይነሱልኝ።»

ሰው እያየው እምቢ ማለት አሳፈረውና ተነሳ። ሁለቱን የስፖርት መምህራን ጠርታ አንዱን ቀኝ እጁን፣ ሌላውን ግራ እጁን አስያዘቻቸው።

«እርስዎ ካርቦን ነዎት፣ እነሱ ኦክስጅን። በእኩል ጉልበት ሳቡት!»

ክንዱ ተወጠረ እንጂ እግሩ ንቅንቅ አላለም።

«አዩ? ፊትና ኋላ ሳይሉ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ሲስቡ ጉልበታቸው ይጠፋፋል። ካርቦኑ የተረፈው ኤሌክትሮን ስለሌለ ኦክስጅኖቹን ገፍቶ የሚያጎብጥ የለም። ጎባጣ ቢሆን ኖሮ ግን...» ሁለቱንም ወደ በሩ ጠጋ አደረገቻቸው። «ሳቡ!»

ኃላፊው ከነከረባቱ ተንሸራቶ ደፉ ላይ ደረሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ መልሱ ታርሞ ተለጠፈ። የተማሪዎቹም ማርክ ተስተካከለ። ከሥሩ ግን «የታይፕ ስህተት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ኃላፊው ጥፋቱን ወረቀቱን በተየበችው ጸሐፊ ላይ አላከከው ማለት ነው። እትዬ ቢከር አንብባ «አይ ወንድነት!» አለችና ከንፈሯን መጠጠች።

ከሳምንታት በኋላ ኃላፊው ሌላ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ላብራቶሪ ገባ።

«እትዬ... ሰልፈር ዳይኦክሳይድም እንደዚያኛው ቀጥ ያለ ነው አይደል?»

«ሣለው» አለችው። አንተ ማለት ጀምራለች።

ሣለ። ቀጥ ያለ መስመር።

«ሰልፈሩ ላይ የቀረውን ጥንድ ኤሌክትሮን ለማን ተውከው?»

ላቡን ጠርጎ ጨመረው። ከዚያ ጥንዱ የሚገፋቸውን ሁለት ኦክስጅኖች ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እንደገና ሣለ።

«ስለዚህ... ፖላር?»

«ተመስገን» አለች፣ ፊቷን ወደ መታጠቢያው አዙራ።

አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ክፍል ገባና ከእናቱ ሆድ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ያስተምር ጀመር። እሷ በሩ ሥር ቆማ እስኪጨርስ አዳመጠችው። አልተሳሳተም። እንደዚያም ሆኖ ንቀቷ አልበረደላትም።