ወርቁ ከየት መጣ ላለችኝ ልጅ

የማላውቀውን አላውቅም ማለት ሞት የሚመስለኝ መምህር ነበርሁ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተሻለኝም።

መርሳ ከተማ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር፣ አንድ ቀን "ንጥረ ነገሮች ሁሉ በከዋክብት ሆድ ውስጥ በመዋሃድ ተሠሩ" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ፊት ወንበር የምትቀመጥ ተማሪዬ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ መዋሃዱ ብረት ላይ ሲደርስ ኃይል መስጠት ያቆማል ብለውን ነበር። ታዲያ ወርቁ ከየት መጣ?"

መልሱን አላውቀውም ነበር። ያ ሁሉ ዓይን ፊቴ ላይ ተተክሎ ሳለ አፌ ቀደመኝ።

"ለቀጥቃጭ ልጅማ ከብረትና ከወርቅ ወዲያ ምን ይታያታል!" አልኋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አባቷ ገበያው ዳር ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ብር የሚያነጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ማረሻውን እሳቸው ዘንድ የሚያሠራው ሰው ሁሉ፣ ነገሩ ጋብቻ ሲሆን አጥንት ይቆጥርባቸዋል። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርሁት። ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም።

ክረምት ላይ ለሥልጠና ወልድያ ሄጄ መልሱን አንብቤ ደረስሁበት። ሁለት የሞቱ ከዋክብት ሲላተሙ የአቶም አስኳል ኒውትሮን በላይ በላዩ ይጎርሳል፤ ከአቅሙ በላይ የጎረሰ ደግሞ አይረጋም። ትርፉ ኒውትሮን ኤሌክትሮን እየተፋ ፕሮቶን ይሆናል፤ በተለወጠ ቁጥር ንጥረ ነገሩም ሌላ ይሆናል፤ ወርቅም ከዚህ መንገድ ይገኛል። ልጅቷ ልክ ነበረች። ከሰው መሀል እንደተቀመጥሁ አፈርሁ።

መስከረም ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ዝርዝር ባይ ስሟ የለም። ማኅበራዊ ሳይንስ መርጣለች። ይቅርታ ልጠይቅ፣ ጊዜው ሳያልፍ ምርጫዋን እንድትቀይርም ልለምን ብዬ አባቷ ሱቅ ሄድሁ።

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። "ኧረ አይነሡ" ብል ማን ሰምቶኝ!

"ልጄ ፊዚክሱን ተወችው፣ መምህር" አሉኝ። "ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ 'እኔ ነኝ ሰነፏ፣ መምህሬስ ጥሩ ናቸው' አለችኝ። አንቱ ምን ያርጉ፣ ለፍተዋል። አላህ ዕውቀቱን ይጨምርልዎ።"

ልናገር አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ብነግራቸው ስድቡን ፊታቸው ላይ መድገም ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ።

"አሚን" አልሁ።