ከዲንሾ ሮቤ ሚኒባስ ውስጥ የወጣ የዜግነት ሕግ

«ለስደተኛ ዜግነት ከተሰጠ ለሙስሊም ይቅደም!» አሉ ዛሬ ጠዋት አጠገቤ የተቀመጡ ሐጂ፣ የሚኒባሱን የሬዲዮ ዜና ሰምተው።

ከኋላ አንድ መምህር «ለክርስቲያን ነው እንጂ!» ብሎ ተነሳባቸው።

(ሕጉ ሃይማኖት ይጠይቅ በሚለው ላይ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። ተመስገን ነው!)

ዝም ማለት አቃተኝ። «ሐጂ፣ አያቴ ከመንዝ መጥቶ ገሰራ የገባ ክርስቲያን ነው። የገሰራ ሰዎች በኦሮሞ ባህል፣ በሞጋሳ፣ የጎሳቸው ልጅ አደረጉት። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ያለው የለም። ደስታችንም ሐዘናችንም ያንተ ይሆናል ወይ ነው ያሉት።»

«የቱ ጎሳ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ክንዴን ያዝ አደረጉ። «ኢልመ ኦቦሌሳ ኮ! የወንድሜ ልጅ ነህ ለካ! የኔ ጎሳ እኮ ነው!»

«ነኝ። የእርስዎ ሕግ ያኔ ቢኖር ግን አልሆንም ነበር።» ወደ መምህሩም ዞርኩ። «ባንተ ሕግ ደግሞ ሙስሊም ናቸው ተብሎ እኚህን አጎቴን አጣ ነበር።»

እስከ ሮቤ ሐጂ ክንዴን አልለቀቁም።

ወዴት ዞሮ እንደሚጸልይ የሰውየውና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። ሕግ እዚያ መሀል ምን አገባው?

እናንተስ? ሕጉ ሃይማኖት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ከቤተሰባችሁ ማን በር ላይ ይቀር ነበር? ስሙን ከታች ጻፉት።